በስፔን ሕፃን ልጅን መንግሥት ትምህርት ቤት ማስመዝገብ፦ ከመዘጋጃ ቤቱ መስኮት እስከ መጀመሪያዋ ቀን

አገር ቤት ልጅ የሚመዘገበው ነሐሴ ላይ ነው። ወላጅ የልደት የምስክር ወረቀትና ጉርድ ፎቶግራፍ ይዞ ይሄዳል፣ የልጁን ስም ያስጽፋል፣ በዚያው ደብተርና ቦርሳ ሊገዛ ገበያ ይወጣል። ይህን ልማድ ይዞ ስፔን የገባ ሰው በኦገስት የሰፈሩን ትምህርት ቤት ቢያንኳኳ የሚከፍትለት የለም። መምህራኑም ጸሐፊዋም እረፍት ላይ ናቸው፤ በሴፕቴምበር ልጆች የሚቀመጡበት ወንበር ደግሞ ቀደም ብሎ በጸደይ ወራት ተከፋፍሎ አልቋል።

እኔ ይህን ያወቅሁት ከረፈደ ነው። ትልቋን ልጄን ይዤ ማድሪድ አቅራቢያ ወዳለች ከተማ ስመጣ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት ነበር። የጠየቅኋቸው ሁሉ «ትምህርት ግዴታ የሚሆነው በስድስት ዓመት ነው» አሉኝ፤ እውነት ነው። አገር ቤት አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመት አይደለም ወይ፣ ምን ያስቸኩለኛል ብዬ ቤት አቆየኋት። ስድስት ሊሞላት ሲል ደወሉ ከመኝታ ቤታችን ወደሚሰማው ትምህርት ቤት ሄድኩ። አንድም ቦታ አልነበረም። ልጆቹ በሦስት ዓመታቸው ገብተው፣ አብረው አድገው፣ ያለ አዲስ ማመልከቻ ወደ አንደኛ ክፍል ተሻግረዋል። ልጄ በአውቶቡስ የሚኬድበት ሌላ ሰፈር ተመደበች። የገባችበት ክፍል ልጆች አንዱ በሌላው ልደት ላይ ኬክ ሲበላ ሦስት ዓመት የከረሙ ናቸው፤ እሷ ገና ውኃ ለመጠየቅ ቃል ትፈልግ ነበር።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን ያዙ፦ ግዴታው በስድስት ዓመት ይጀምራል፣ ወንበሩ ግን በሦስት ዓመት ይሞላል። ታናሽ ወንድሟን በሦስት ዓመቱ ያስገባሁበትን መንገድ ነው ከዚህ በታች የምጽፈው።

መጀመሪያ፦ ልጃችሁ የሚገባበትን ዓመት አስሉ

የስፔን የሕፃናት ትምህርት «ኢንፋንቲል» ይባላል። ሁለት እርከን አለው፤ አንዱ ከልደት እስከ ሦስት ዓመት፣ ሁለተኛው ከሦስት እስከ ስድስት። ሁለተኛው እርከን ግዴታ ባይሆንም በመንግሥት ትምህርት ቤት ትምህርቱ በነፃ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም «ፕሪማሪያ» ከሚባለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ጋር በአንድ ግቢ ይሰጣል። ፕሪማሪያ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ነው። ግዴታው እስከ አሥራ ስድስት ዓመት ይዘልቃል። ከሦስት ዓመት በታች ላሉት የሚሆነው የሕፃናት ማቆያ የራሱ ማመልከቻና የራሱ የጊዜ ሰሌዳ ስላለው እዚህ አልገባበትም።

ልጆች የሚመደቡት በተወለዱበት የፈረንጆች ዓመት ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2022 የተወለዱት በሙሉ በሴፕቴምበር 2025 አብረው ገብተዋል። በዲሴምበር የተወለደ ልጅ ገና ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወሩ ክፍል ይገባል ማለት ነው። «ልጄ ገና ሦስት አልሞላውም» ብሎ አንድ ዓመት ማዘግየት የሚያዋጣ አይመስለኝም፤ በሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ የሚመደበው ከእኩዮቹ ጋር፣ በተሞላው ክፍል ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ቀን አቆጣጠር ጉድ ይሠራል። ታኅሣሥ 22 ቀን 2014 የተወለደ ልጅ በእነሱ ዲሴምበር 31 ቀን 2021 የተወለደ ነው፤ በማግስቱ ታኅሣሥ 23 የተወለደው ግን ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ይሆናል። አንድ ሌሊት የአንድ ክፍል ልዩነት ታመጣለች። የልደት የምስክር ወረቀቱና ፓስፖርቱ አንድ ቀን መናገራቸውን ከመነሳታችሁ በፊት አረጋግጡ። ካልተስማሙ ማስተካከሉ የሚቀለው አገር ቤት ሳላችሁ ነው።

የመኖሪያ ፈቃድ የለንም ብላችሁ የምትፈሩ ደግሞ አትፍሩ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 የወጣው የስፔን የውጭ ዜጎች ሕግ ዕድሜው ከአሥራ ስድስት በታች የሆነ የውጭ አገር ልጅ ሁሉ የመማር መብትም ግዴታም እንዳለበት ይደነግጋል፤ በ2009 ሲሻሻልም መብቱ ሰፋ እንጂ አልጠበበም። የልጁ ወንበር ከእናቱ ወይም ከአባቱ ወረቀት ጋር አልተሳሰረም። ጥገኝነት ጠይቃችሁ ከሆነ በእጃችሁ ያለው የጥገኝነት ጠያቂ መታወቂያ ለምዝገባው ያገለግላል።

ሁለተኛ፦ ኤምፓድሮናሚየንቶ

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከመዘጋጃ ቤቱ ነው። «ኤምፓድሮናሚየንቶ» ማለት በምትኖሩበት ከተማ የነዋሪዎች መዝገብ ላይ መስፈር ነው፤ አገር ቤት ቀበሌ ሄዶ መመዝገብን ይመስላል። በስፔን የሚኖር ሰው ሁሉ፣ ፈቃድ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ መመዝገብ አለበት። መዘጋጃ ቤቱ የሚያረጋግጠው በአድራሻው መኖራችሁን ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዳችሁን መመርመር ሥራው አይደለም።

ማድሪድና ባርሴሎና ለምትኖሩ ቀጠሮ ለመያዝ 010 መደወል ይቻላል። የምትይዙት የሁላችሁንም ፓስፖርት፣ የልጁን የልደት የምስክር ወረቀትና የቤት ኪራይ ውል ነው። ውሉ በስማችሁ ካልሆነ፣ ብዙዎቻችን በጋራ ቤት አንድ ክፍል ተከራይተን ነውና የምንጀምረው፣ ባለቤቱ ወይም በውሉ ላይ ስሙ ያለው ሰው ፈርሞ የሚሰጣችሁ የፈቃድ ወረቀትና የመታወቂያው ቅጂ ያስፈልጋል። ልጁን የሚያስመዘግበው አንድ ወላጅ ብቻ ከሆነ የሌላውን ወላጅ ስምምነት ይጠይቃሉ፤ አባት ወይም እናት ሌላ አገር ካሉ ይህን ቀድማችሁ አዘጋጁ።

«ለዚህ ያህል ዩሮ አድራሻዬን አከራይሃለሁ» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሟችኋል። እጅ አትስጡ። በማይኖሩበት አድራሻ የተገኘ ነጥብ ከተደረሰበት ይሰረዛል፤ የልጁ ቦታም አብሮ ይሄዳል። ቋሚ አድራሻ የሌላችሁ ከሆነ የመዘጋጃ ቤቱን የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ጠይቁ፤ ቋሚ ቤት የሌለው ሰውም የሚመዘገብበት መንገድ አለ።

ከተመዘገባችሁ በኋላ «ቦላንቴ» የሚባል ወረቀት ይሰጣችኋል፤ ለትምህርት ቤት ይበቃል። የልጁ ስምና የእናንተ ስም በአንድ ቦላንቴ ላይ፣ በአንድ አድራሻ መውጣቱን እዚያው መስኮቱ ላይ ቆማችሁ ተመልከቱ። ትምህርት ቤቶች ብዙውን ጊዜ ከሦስት ወር ያልበለጠ ቅጂ ስለሚፈልጉ በምዝገባው ሰሞን አዲስ አውጡ። የረጅም ጊዜ መኖሪያ የሌለው ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ሰው ምዝገባውን በየሁለት ዓመቱ ማደስ አለበት፤ ካላደሰ ከመዝገቡ ይፋቃል።

ሦስተኛ፦ ወረቀቶቹ፣ በተለይም ስሙ

የሚጠየቀው ረጅም አይደለም፦ የወላጆች ፓስፖርት ወይም «ኒኤ» የሚባለው የውጭ ዜጋ መለያ ቁጥር ያለበት ካርድ፣ የልጁ ፓስፖርት፣ ዝምድናውን የሚያሳይ የልደት የምስክር ወረቀት፣ ቦላንቴው፣ የክትባት ካርድና የጤና ካርድ ቅጂ። ስፔን የተወለደ ልጅ የልደት ማስረጃውን ከሲቪል መዝገብ ቤት ያገኛል።

ከኢትዮጵያ የሚመጣ የልደት የምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ የወጣ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተረጋገጠ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀጥሎ የሚያስፈልገውን ማረጋገጫ በአዲስ አበባ የሚገኘውን የስፔን ኤምባሲ ጠይቁ። ትርጉሙን መሥራት ያለበት «ትራዱክቶር ሁራዶ» የሚባል ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ነው። ከአማርኛ ወደ ስፓኒሽ የሚተረጉም ማግኘት ስለሚያስቸግር የምስክር ወረቀቱ እንግሊዝኛም እንዲኖረው አድርጉ፤ የእንግሊዝኛ ተርጓሚ በየከተማው አለ። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ግን ማመልከቻውን አታዘግዩ። በፓስፖርት አመልክታችሁ የጎደለውን በኋላ ማሟላት ይቻላል፤ ያለፈ የማመልከቻ ቀን ግን አይመለስም።

አሁን ወደ ስሙ። የስፔን ሰው ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፤ በልማድ አንዱ ከአባቱ፣ አንዱ ከእናቱ የመጣ። ቅጹም ሁለት ሳጥን ያቀርባል። ጸሐፊዋ የልጄን የመጀመሪያ የቤተሰብ ስም ስትጠይቀኝ የባለቤቴን ስም ነገርኳት። ሁለተኛውን ስትለኝ የአማቴን ስም ሰጠኋት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ የእኔን ፓስፖርት አነሳች፣ የልጄን ፓስፖርት አጠገቡ ዘረጋች፣ በጣቷ እየተከተለች ሁለቱን አነበበች። አንድም የሚገናኝ ቃል የለም። ከዚያ በዝግታ «የልጅቷ እናት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ዘጠኝ ወር ተሸክሜ የወለድኳትን ልጅ እናት መሆኔን ያስረዳልኝ የተተረጎመው የልደት የምስክር ወረቀት ነው። ፈገግ ብላ መለሰችልኝ፤ ክፋት አልነበራትም፣ የእኛን የስም አሰጣጥ የሚያውቅ ሰው ከዚያ በፊት ገጥሟት አያውቅም። ስለዚህ ያን ወረቀት ሁልጊዜ በቦርሳችሁ ያዙ። በፓስፖርቱ ላይ ያለውን ስም ፊደል ሳታዛንፉ በመዘጋጃ ቤቱም፣ በጤና ካርዱም፣ በትምህርት ቤቱም አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ጻፉ። የተመዳቢዎች ዝርዝር ሲወጣም የልጁን ስም በራሱ ስም አትፈልጉት፤ ዝርዝሩ የሚደረደረው በቤተሰብ ስም ስለሆነ የምታገኙት በአባቱ ስም ሥር ነው።

አራተኛ፦ ትምህርት ቤት መምረጥ

ሦስት ዓይነት ትምህርት ቤት አለ። «ፑብሊኮ» የመንግሥት ነው። «ኮንሴርታዶ» የግል ሆኖ መንግሥት የሚደጉመው ነው፤ አብዛኞቹ የካቶሊክ ተቋማት ናቸው። «ፕሪባዶ» ሙሉ ለሙሉ በክፍያ ነው። ለፑብሊኮና ለኮንሴርታዶ ማመልከቻው አንድ ነው። ኮንሴርታዶ ብትመርጡ በየወሩ ክፈሉ የምትባሉት መዋጮ በሕግ በፈቃደኝነት የሚሰጥ መሆኑን እወቁ፤ አለመክፈላችሁ ልጁን ከትምህርት ሊያስቀረው አይችልም። እኔ በበኩሌ የሰፈር ፑብሊኮን እመርጣለሁ። ልጄ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ከትምህርት በኋላ በአንድ መናፈሻ መጫወቷ ቋንቋውን ከየትኛውም አስጠኚ በላይ አስተምሯታል።

ትምህርቱን የሚያስተዳድሩት አሥራ ሰባቱ ራስ ገዝ ክልሎች ናቸው፤ ቀኑም ነጥቡም ቋንቋውም እንደ ክልሉ ነው። በካታሎኒያ መደበኛው የማስተማሪያ ቋንቋ ካታላን ነው። በባስክ አገር ብዙው ሕፃን የሚማረው በባስክ ቋንቋ ነው። በጋሊሲያ፣ በቫሌንሲያና በባሌአሪክ ደሴቶችም የአካባቢው ቋንቋ ከስፓኒሽ ጋር ይሰጣል። በማድሪድ ደግሞ ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ስፓኒሽና እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። የሦስት ዓመት ልጅ ሦስተኛ ቋንቋ ይከብደዋል ብላችሁ አትጨነቁ፤ ከባድ የሚሆነው ለእናንተ ነው።

ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ትምህርት ቤቶች «ፑዌርታስ አቢየርታስ»፣ በራችን ክፍት ነው እንደማለት፣ የጉብኝት ቀን ያዘጋጃሉ። ሂዱ። ስፓኒሻችሁ ደካማ ቢሆንም ሂዱ። ስትሄዱ የግድግዳውን ሥዕል ከማየት ይልቅ የሰዓቱን ነገር ጠይቁ። በማድሪድ አንዳንዱ ትምህርት ቤት ከጠዋቱ በእነሱ 9:00 እስከ 14:00 በአንድ ትንፋሽ ያስተምራል፤ ሌላው ለምሳ አቋርጦ እስከ 16:00 ይቀጥላል። ቤት ውስጥ ሥራ ለሚሠራ፣ ሆቴል ለሚያጸዳ ወላጅ ይህ ከሁሉ በላይ ነው። ከትምህርት ሰዓት በፊት ልጅ የሚቀበል አገልግሎት መኖሩን፣ የምሳ ቤት መኖሩን፣ በዓመቱ ለሦስት ዓመት ልጆች ስንት ቦታ እንደሚኖር ጠይቁ። አንድ ክፍል ከሃያ አምስት ልጅ በላይ አይይዝም፤ ወንድምና እህት ያላቸው ቀድመው እንደሚወስዱ አስባችሁ የቀረውን ገምቱ።

አምስተኛ፦ ማመልከቻውና ነጥቡ

የማመልከቻ ጊዜው አጭር ነው። በአንዳሉሲያ ማርች በሙሉ ነው፤ በካታሎኒያም በማርች ይጀምራል፤ በማድሪድ አብዛኛውን ጊዜ ኤፕሪል ላይ ይውላል። የክልላችሁን ቀን በጃንዋሪ አጣሩ። ቀን ስትጽፉ የእነሱን ወር በእነሱ ስም ጻፉ፤ ማርች ሲሉ መጋቢት፣ ኤፕሪል ሲሉ ሚያዝያ እያሉ መተርጎም አንዲት ጓደኛዬን የመጀመሪያውን ሳምንት አስበልቷታል።

የሚቀርበው ማመልከቻ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ትምህርት ቤት ሁለት ማመልከቻ ማስገባት ዕድልን አያሰፋም፤ ያበላሻል። በአንዱ ማመልከቻ ላይ ትምህርት ቤቶቹን በምርጫ ቅደም ተከተል ትዘረዝራላችሁ። በመጀመሪያው መስመር በእውነት የምትፈልጉትንና ነጥባችሁ የሚደርስበትን አስቀምጡ፤ ከታች ያሉትን ሳጥኖችም ባዶ አትተዉ። ባዶ የተወ ወላጅ መጀመሪያውን ካጣ የተረፈውን ነው የሚሰጡት። ማመልከቻው በኢንተርኔት «ሴክሬታሪያ ቢርቱዋል» በሚባለው ገጽ ይገባል፤ ኤሌክትሮኒክ መለያ የሌለው ሰው ግን በወረቀት ሞልቶ ለመጀመሪያ ምርጫው ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ያስገባል። እኔ ሁልጊዜ በወረቀት አስገብቼ ማኅተም ያለበትን ቅጂ እቀበላለሁ። ማድሪድ ውስጥ የሁለቱም ወላጆች ፊርማ ይጠየቃል፤ አንዱ ከሌለ ምክንያቱ በጽሑፍ ይቀርባል።

አመልካች ከቦታ በላይ ሲሆን «ባሬሞ» በሚባለው የነጥብ መለኪያ ይለያሉ። በአገሪቱ ሕግ ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፦ በዚያው ትምህርት ቤት የሚማር ወንድም ወይም እህት፣ የቤት ወይም የወላጅ ሥራ ቦታ ቅርበት፣ የቤተሰቡ ገቢ። ከእነዚህ ሌላ ብዙ ልጅ ያለው ቤተሰብ፣ ብቻዋን የምታሳድግ እናት ወይም ብቻውን የሚያሳድግ አባት፣ መንታ ልጆች፣ የአካል ጉዳት፣ የቤት ውስጥ ጥቃት ሰለባነትና የመሳሰሉት ይታያሉ፤ በ2020 የጸደቀው የትምህርት ሕግ ከቤት ቅርበት በቀር ከመመዘኛዎቹ ማናቸውም ለብቻው ከጠቅላላው ነጥብ ከ30 በመቶ በላይ እንዳይዝ ገድቧል። እኩል ነጥብ ሲመጣ በመጨረሻ ዕጣ ይለያል።

ሦስት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ያልጠየቃችሁትን ነጥብ ማንም አይሰጣችሁም፤ ሳጥኑ ላይ ምልክት ማድረግና ማስረጃውን ማያያዝ የእናንተ ድርሻ ነው። ሁለተኛ፣ ከቤታችሁ ይልቅ የሥራ ቦታችሁ ለምትፈልጉት ትምህርት ቤት ከቀረበ በሥራ አድራሻ ማመልከት ትችላላችሁ። ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ በሕጋዊ ውል ከሆነ የአሠሪያችሁ ቤት የሥራ ቦታችሁ ነው። ሦስተኛ፣ ገቢያችሁን ከግብር መሥሪያ ቤቱ እንዲያጣሩ የሚፈቅደውን ሳጥን ሳትፈርሙ አትለፉ።

ልጃችሁ ለመናገር የዘገየ፣ የማየት ወይም የመስማት ችግር ያለበት፣ ወይም ሌላ ልዩ ፍላጎት ያለው ከሆነ በዚህ ጊዜ ተናገሩ። በማኅበረሰባችን ውስጥ ይህን የሚደብቅ ወላጅ ብዙ አይቻለሁ፤ ልጄ ይገለልብኛል ከሚል ፍቅር እንደሚመጣም ይገባኛል። እዚህ ግን መናገር ነው የሚጠቅመው። በየትምህርት ቤቱ ለእነዚህ ልጆች የተያዘ ቦታ አለ፤ የባለሙያዎች ቡድን ልጁን አይቶ የሚያስፈልገውን ድጋፍ በጽሑፍ ይወስናል። ምርመራው ጊዜ ስለሚወስድ የሐኪም ወረቀት ይዛችሁ ከማመልከቻው ወራት በፊት ጠይቁ።

ስድስተኛ፦ ዝርዝሩ ወጣ፣ አላለቀም

መጀመሪያ ጊዜያዊ ዝርዝር ከነነጥቡ ይለጠፋል። የጎደለባችሁ ነጥብ ካለ «ሬክላማሲዮን» የሚባለውን አቤቱታ የምታስገቡበት ጥቂት የሥራ ቀን ብቻ ነው ያለው። የእኔ ልጅ የእህቱ ነጥብ ተዘልሎበት ነበር። ጽሕፈት ቤቱ የሁለቱን ልጆች ስም አይቶ አላገናኘም፤ በማግስቱ ማስረጃውን ይዤ ሄጄ አንድ ገጽ ጻፍኩ፣ ተስተካከለ። ያን ሳምንት ዝርዝሩን ባላይ ኖሮ የሚነግረኝ አልነበረም።

የመጨረሻው ዝርዝር ከወጣ በኋላ ብዙዎችን የሚጥለው ጉድጓድ ይመጣል። ቦታ ማግኘት መመዝገብ አይደለም። ቦታውን ካገኛችሁ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጁን፣ «ማትሪኩላ» የሚባል ሌላ ምዝገባ አለ። በአንዳሉሲያ ለሕፃናቱና ለአንደኛ ደረጃ ከጁን 1 እስከ 8 ነው። በዚያ ቀን ያልቀረበ ቦታውን ያጣል። ክረምቱን አገር ቤት ልታሳልፉ ትኬት የምትቆርጡ፣ መጀመሪያ የማትሪኩላውን ቀን እዩ።

በማትሪኩላው ቅጽ ላይ የሃይማኖት ትምህርት ይጠየቃል። «ሬሊሂዮን ካቶሊካ»፣ እስልምና፣ ወንጌላዊ ወይም የአይሁድ እምነት መምረጥ፣ ወይም ሁሉንም ትቶ «አቴንሲዮን ኤዱካቲባ» የሚባለውን አማራጭ መውሰድ ይቻላል። ስፔን ለትምህርት ቤት ስምምነት የፈጸመችው ከእነዚህ ጋር ስለሆነ የኦርቶዶክስ ክፍል የለም፤ ማንም የተለየ እንዲመርጥ አይገደድም፣ በየዓመቱም መቀየር ይቻላል። የእስልምና መምህር መኖሩን ደግሞ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ፤ በሁሉም ቦታ አይገኝም።

«ኮሜዶር» የሚባለው ምሳ ቤት በክፍያ ነው፤ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ ድጎማ አለ፣ ግን ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል። ያለ አሳማ ሥጋ ምግብ በብዙ ቦታ በጥያቄ ይሰጣል፤ አለርጂ ያለበት ልጅ የሐኪም ወረቀት ያቅርብ። የወሩ ምግብ ዝርዝር ለወላጅ ሊሰጥ ይገባል፣ ጠይቁ። ስለ መጻሕፍት፦ በአንዳሉሲያ በግዴታው ትምህርት በነፃ ይሰጣሉ፤ በማድሪድ ከፕሪማሪያ ጀምሮ «አክሴዴ» በተባለው ፕሮግራም በውሰት ይገኛሉ። ለኢንፋንቲል ግን ቁሳቁስ ራሳችሁ ትገዛላችሁ።

በዓመቱ መሐል ከመጣችሁ

ኖቬምበር ላይ ብትደርሱ እስከ ሚቀጥለው ሴፕቴምበር መጠበቅ የለባችሁም። በማድሪድ የትምህርት ምደባ ድጋፍ አገልግሎቱ፣ በባርሴሎና የከተማው የትምህርት ኮንሶርሲየም፣ በሌላው ቦታ ደግሞ የክልሉ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ክፍት ቦታ ያለበትን ይነግራሉ። ስድስት ዓመት የሞላውን ልጅ የማስገባት ግዴታ አለባቸው፤ ለታናናሾቹ ክፍት ቦታ እስካለ ድረስ ነው። ፈተና የለም፣ የአገር ቤት ትምህርትን ማስመዘንም አያስፈልግም፤ ልጁ በዕድሜው ይመደባል። የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁም ፈቃዳችሁ ሲታደስ ለግዴታው የደረሰ ልጃችሁ እየተማረ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ስለሚጠየቅ፣ የልጁን የምዝገባ ወረቀቶች በሙሉ በአንድ ማኅደር አስቀምጡ።

ሴፕቴምበር

የሦስት ዓመት ልጆች የመጀመሪያዎቹን ቀናት በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚገቡት። የመላመጃ ጊዜ ይሉታል፤ አንድ ቀን አንድ ሰዓት፣ በማግስቱ ሁለት። ለሠራተኛ ወላጅ ፈተና ነው፤ አሠሪያችሁን ቀደም ብላችሁ አስፈቅዱ። ከዳይፐር መላቀቅ ይጠበቃል፤ ክረምቱን ሥሩበት። ልብሱ ቁልፍና ቀበቶ የሌለው፣ ልጁ ራሱ የሚያወልቀው ይሁን። ከልብሱ በላይ የሚደረበውን ሽርጥ «ባቢ» ይሉታል፤ ከአንገቱ በስተኋላ ላስቲክ ስፉበት፣ ልጁ ራሱ መስቀያው ላይ እንዲያንጠለጥለው። ስሙን በሁሉም ላይ ጻፉ። መምህሯ ለወላጅ የምትልከው መልእክት በስልክ መተግበሪያ ይመጣል፤ በማድሪድ «ሮብሌ»፣ በአንዳሉሲያ «ኢፓሴን» ይባላል፤ የይለፍ ቃሉን በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ።

ቋንቋውን በተመለከተ ቤት ውስጥ አማርኛችሁን አትተዉ፤ ስፓኒሹ ከክፍሉ ይመጣል። እኔ ለወንድ ልጄ ያስተማርኩት አራት ቃል ብቻ ነው፦ አጓ፣ ውኃ፤ ፒስ፣ ሽንት፤ ሜ ዱዌሌ፣ ያመኛል፤ አዩዳ፣ እርዱኝ። ለመምህሯም በተራዬ አንድ ወረቀት አዘጋጀሁላት። በላቲን ፊደል «ዉሃ»፣ «ሽንቴ መጣ»፣ «አመመኝ»፣ «እማዬ» ብዬ ጽፌ ትርጉማቸውን በስፓኒሽ አስቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ልወስደው ስሄድ ወረቀቱ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ በልጆቹ ቁመት ልክ ተለጥፏል፤ አንዲት የማላውቃት ጸጉረ ወርቃማ ሕፃን ከፊቱ ቆማ መምህሯ እያስጠናቻት «ዉሃ፣ ዉሃ» ትላለች።